ከአገልግሎት የሚሰናበቱ የሥራ ላፕቶፖች፦ ከመሣሪያ አስተዳደር ሥርዓት አወጣጥና የሶፍትዌር ፈቃድ አመላለስ

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ከጠረጴዛ ተነሥቶ መጋዘን ስለገባ ብቻ ከአገልግሎት ተሰናብቷል አይባልም። መሣሪያው በተቋሙ ውስጥ በአራት ቦታ ይኖራል፤ እነዚህም የንብረት መዝገብ፣ የመሣሪያ አስተዳደር ሥርዓት፣ የሶፍትዌር ፈቃድ ዝርዝር እና በዲስኩ ላይ የተከማቸው መረጃ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ሳይዘጋ ከቀረ ተቋሙ ለማይጠቀምበት ፈቃድ መክፈሉን ይቀጥላል፤ የተገልጋዮች መረጃ ከመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ውጭ ይወጣል፤ ወይም ላፕቶፑን በስጦታ የተረከበ ትምህርት ቤት የቀድሞው መሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል እየተጠየቀ መሣሪያውን መክፈት ይሳነዋል።

ይህ ጽሑፍ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ለሚገኙ ቢሮዎች፣ የዞን መምሪያዎችና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ የንብረት አስተዳደርና የፋይናንስ ባለሙያዎች እንዲሁም ጉዳዩን ማወቅ ለሚፈልግ ማንኛውም ዜጋ የተዘጋጀ ማብራሪያ ነው። የመሣሪያ ስንብት በምን ቅደም ተከተል እንደሚከናወን፣ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ምን እንደሚከተልና የትኛው የሶፍትዌር ፈቃድ ተመላሽ እንደሚሆን ያስረዳል።

ጉዳዩ አሁን ትኩረት የሚሻበት ምክንያት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አቋርጧል። የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ በተለየ ምዝገባ ወይም ክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ ለድርጅቶች የተሰጠው ዕድልም ቢበዛ ለሦስት ዓመት የሚቆይ ነው። ተተኪው ዊንዶውስ 11 የደኅንነት ቺፕ (ቲፒኤም 2.0)፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪና 64 ጊጋባይት ማከማቻ እንዲሁም በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ የተካተተ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች መካከል አብዛኞቹ የ7ኛ ትውልድና ከዚያ በፊት የተመረቱት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። በዚህም ምክንያት አካላቸው ገና ያልተጎዳ በርካታ ላፕቶፖች በአንድ ጊዜ ከመንግሥት ሥራ የሚወጡበት ወቅት ላይ ተደርሷል።

በሌላ በኩል በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ የሚገኘው መረጃ ከዓመት ዓመት እየጨመረ መጥቷል። በ1990ዎቹ የተጀመረው የወረዳ ኔት ፕሮግራም የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልል ከተሞችና ከአዲስ አበባ ጋር በኔትወርክ ማገናኘት ከጀመረ ወዲህ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሥራ ደረጃ በደረጃ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ተሸጋግሯል። የጤና ጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ የሕሙማንን ሪፖርት፣ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ላፕቶፕ የደመወዝ ዝርዝርን፣ የመሬት አስተዳደር ላፕቶፕ የባለይዞታዎችን ሰነድ ይይዛል። ላፕቶፑ የመንግሥት ንብረት ቢሆንም በውስጡ ያለው መረጃ የዜጎች ነው።

የመሣሪያ አስተዳደር ሥርዓት ምንነት

የመሣሪያ አስተዳደር ሥርዓት አንድ ተቋም የሚጠቀምባቸውን ኮምፒውተሮችና ስልኮች ከአንድ ማዕከል ሆኖ የሚመዘግብበት፣ የደኅንነት ደንብ የሚያወርድበት፣ ፕሮግራም የሚጭንበትና በሚጠፉበት ጊዜ ይዘታቸውን የሚያጸዳበት ሶፍትዌር ነው። ከእነዚህ አንዱ የማይክሮሶፍቱ ኢንቲዩን ሲሆን፣ ይህ ጽሑፍም አሠራሩን በምሳሌነት ይጠቀማል። በሌሎች አምራቾች ሥርዓቶችም የትእዛዞቹ ስያሜ ቢለያይም መሠረታዊ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው።

በኢንቲዩን ውስጥ ከስንብት ጋር የተያያዙ ሦስት ትእዛዞች አሉ። ልዩነታቸውን ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል።

«ሪታየር» የተባለው ትእዛዝ ተቋሙ የጫናቸውን ደንቦች፣ የኢሜይል ቅንብርና የተቋም ፕሮግራሞች ከመሣሪያው ላይ ያነሣል፤ የተጠቃሚውን የግል ፋይል ግን አይነካም። በመሆኑም የሚስማማው ሠራተኛው በራሱ መሣሪያ የመሥሪያ ቤት ሥራ ሲሠራ ለቆየበት ሁኔታ ነው። በተቋሙ ደመና አካውንት ብቻ በሚከፈት ላፕቶፕ ላይ ከተሰጠና በመሣሪያው ውስጥ የሚታወቅ የአስተዳዳሪ አካውንት ከሌለ፣ ከትእዛዙ በኋላ ወደ መሣሪያው መግባት ላይቻል ይችላል።

«ዋይፕ» መሣሪያውን ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረበት ሁኔታ ይመልሳል። የመንግሥት ንብረት የሆነ ላፕቶፕ ሲሰናበት በመደበኛነት ጥቅም ላይ የሚውለው ይህ ነው።

«ዲሊት» የመሣሪያውን ስም ከማዕከሉ ዝርዝር ያነሣል። ስሙ ከዝርዝሩ መጥፋቱ ዲስኩ ለመጽዳቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ትእዛዝ መስጠትና ትእዛዝ መፈጸም

ከማዕከል የሚላክ ትእዛዝ የሚፈጸመው መሣሪያው በርቶ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ትእዛዙ በማዕከሉ ላይ «በመጠባበቅ ላይ» ተብሎ ይቆያል። ይህ ነጥብ በማንኛውም ቦታ የሚሠራ ቢሆንም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የተለየ ክብደት አለው።

የክልሉ ርዕሰ ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ዋና ከተማው ግልገል በለስ የሆነው የመተከል ዞን ደግሞ ከአሶሳና ከካማሺ ዞኖች በዓባይ ወንዝ ተለይቶ በሰሜን በኩል ይገኛል። ኤሌክትሪክና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ወረዳ ከአገልግሎት የወጣ ላፕቶፕ ከቁም ሣጥን ገብቶ ለወራት ሳይከፈት ሊቆይ ይችላል። አሶሳ የተቀመጠው ባለሙያ «ዋይፕ» ብሎ ትእዛዝ ቢሰጥና ስሙን ከዝርዝር ቢያነሣ እንኳ ዲስኩ እንዳለ ይቀመጣል። ላፕቶፑ በጨረታ ተሽጦ ዲስኩ ተነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢገጠም ትእዛዙ ፈጽሞ አይደርሰውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው፦ መሣሪያው ከተቋሙ እጅ ከመውጣቱ በፊት ባለሙያ በተገኘበት ይጽዳ፤ መጽዳቱም በዓይን ታይቶ ይረጋገጥ። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ባለሙያው ከማዕከል ትእዛዝ ሳይጠብቅ በፍላሽ ዲስክ በተዘጋጀ የማጽጃ ፕሮግራም ሥራውን ማከናወን ይችላል።

የጊዜ አመራረጥም መታሰብ ይኖርበታል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የንብረት ቆጠራ ይካሄዳል። ይህ ወቅት በክልሉ ዝናቡ የሚበረታበትና የገጠር መንገድ የሚከብድበት ነው። ከወረዳዎች የሚሰበሰቡ ላፕቶፖችን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ አጠናቆ ወደ ዞን ወይም ወደ አሶሳ ማድረስ ቆጠራውንም፣ የቀጣዩን ዓመት የፈቃድ ዕቅድም በተረጋገጠ ቁጥር ለመሥራት ያስችላል።

የስንብት ቅደም ተከተል

1. መለየት። የስንብት ውሳኔ ሲሰጥ የመሣሪያው ሞዴል፣ የአምራቹ መለያ ቁጥር (ሲሪያል ነምበር)፣ የተቋሙ የንብረት መለያና የመጨረሻው ተረካቢ ስም ይመዘገባሉ። የኮምፒውተር ስም ሊቀየር፣ የንብረት መለያ ወረቀትም ሊላጥ ይችላል። ስለዚህ አራቱን መዝገቦች የሚያስተሳስረው የአምራቹ መለያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በላፕቶፑ ጀርባ ላይ ይገኛል፤ ከተፋቀ ደግሞ መሣሪያው ሲነሣ በሚከፈተው የባዮስ ገጽ ላይ ይነበባል።

2. የመንግሥት ሰነድን ማዳን። ከማጽዳት በፊት የሥራ ፋይሎች ወደ ተቋሙ ሰርቨር ወይም መጠባበቂያ ዲስክ መገልበጥ አለባቸው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትን ባቋቋመው አዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት የመንግሥት መዝገቦች ጥበቃ የሚደረግላቸው ናቸው። በአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የቀረ ቃለ ጉባኤ ወይም የውል ሰነድ ያለ ምርመራ ሲጠፋ የተቋሙ ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ርክክቡ በተረካቢውና በኃላፊው ፊርማ መደገፍ ይገባዋል።

3. የምስጠራ ቁልፍን መያዝ። ዲስኩ በቢትሎከር የተመሰጠረ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉ በአብዛኛው በማዕከላዊው የመሣሪያ መዝገብ ውስጥ ይቀመጣል። መዝገቡ ከማይክሮሶፍት ኢንትራ ላይ ሲሰረዝ ቁልፉም አብሮ ይሰረዛል። ያልተገለበጠ ፋይል መኖሩ ከዚያ በኋላ ቢታወቅ ዲስኩን መክፈት አይቻልም። ስለሆነም ቁልፉ ሰነድ የማዳኑ ሥራ እስኪጠናቀቅ ድረስ በጥንቃቄ ይያዛል።

4. ማጽዳት። ላፕቶፑ ከኤሌክትሪክ ጋር ተገናኝቶ፣ ባትሪውም ተሞልቶ ይጸዳል። መብራት ሊቋረጥ በሚችልበት ቦታ ይህ ግዴታ ነው፤ በማጽዳት መሐል የጠፋ ላፕቶፕ ዳግም ላይነሣ ይችላል። በኢንቲዩን ውስጥ ኃይል ቢቋረጥም ማጽዳቱ እንዲቀጥል የሚያደርግ አማራጭ አለ። ይህ አማራጭ መሣሪያው መነሣት እንዳይችል ሊያደርግ ስለሚችል ለሌላ አካል ለሚተላለፉ ላፕቶፖች አይመከርም።

5. ከአስተዳደር ሥርዓት ማስወጣት። የማስወጣቱ ቅደም ተከተል በመጀመሪያ ከኢንቲዩን፣ ቀጥሎ ከኦቶፓይለት፣ በመጨረሻም ከኢንትራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መካከለኛው ነው። ኦቶፓይለት የላፕቶፑን የሃርድዌር አሻራ ይዞ፣ መሣሪያው እንደ አዲስ በተነሣ ቁጥር የባለቤቱን ተቋም የመግቢያ ገጽ እንዲያሳይ የሚያደርግ ምዝገባ ነው። ዲስኩ ቢጸዳ፣ ዊንዶውስ እንደገና ቢጫንም ምዝገባው አይጠፋም። አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት 10 ላፕቶፖችን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢሰጥና ይህን ምዝገባ ሳያነሣ ቢቀር፣ መምህራኑ መሣሪያውን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝተው ሲያስነሡ የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ።

6. የተደበቁ ቁልፎችን ማንሣት። የባዮስ የይለፍ ቃል፣ በአምራቹ የተጫነ የስርቆት መከላከያና በታብሌት ወይም በስልክ ላይ የቀረ የጉግል ወይም የአፕል አካውንት አዲሱን ተረካቢ ያግዳል። የባዮስ የይለፍ ቃል የሚያውቀው ባለሙያ ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ መሣሪያውን መክፈት አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ለሠራተኛው ክሊራንስ ከመሰጠቱ በፊት የይለፍ ቃሎቹ መረከባቸው ሊረጋገጥ ይገባል።

7. ማረጋገጥ። መሣሪያው እንደገና ተነሥቶ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል። የማንኛውም ተቋም ስም የማይታይበት መደበኛ የዊንዶውስ መክፈቻ ገጽ ከመጣ ማስወጣቱ ተፈጽሟል። ቀኑ፣ የመለያ ቁጥሩና ሥራውን ያከናወነው ባለሙያ ስም በስንብት ቅጹ ላይ ይሰፍራሉ።

የትኛው ፈቃድ ይመለሳል?

«ላፕቶፑ ሲወጣ ፈቃዱም ይመለሳል» የሚለው አባባል ለሁሉም ፈቃድ አይሠራም። መልሱ ፈቃዱ የተሰጠው ለመሣሪያው ወይስ ለሰው በሚለው ላይ ይመሠረታል።

ከላፕቶፑ ጋር ተጭኖ የመጣ ዊንዶውስ ፈቃዱ ከዚያው መሣሪያ ጋር የታሰረ ነው። ወደ ሌላ ላፕቶፕ አይዛወርም፤ መሣሪያው ሲተላለፍም አብሮ ይሄዳል። ይህን ፈቃድ ተመላሽ አድርጎ በዕቅድ ውስጥ መቁጠር ስህተት ነው።

በጅምላ ውል የተገዛ ቋሚ የኦፊስ ፈቃድ ከአሮጌው መሣሪያ ላይ ተነሥቶ ለአዲስ መሣሪያ ሊመደብ ይችላል። በማይክሮሶፍት ደንብ አንድ ፈቃድ በድጋሚ የሚመደበው ከመጨረሻው ምደባ 90 ቀን ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ መሣሪያው ፈጽሞ የተበላሸ ከሆነ ይህ ገደብ አይጸናም።

የአከፋፈት ቁልፉ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። በተቋሙ ሰርቨር (ኬኤምኤስ) የሚከፈት ዊንዶውስ ወይም ኦፊስ ከሰርቨሩ ጋር ካልተገናኘ ከ180 ቀን በኋላ ሕጋዊ አከፋፈቱን ያጣል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ለትምህርት ቤት ሲሰጥ ከስድስት ወር በኋላ ማስጠንቀቂያ ማሳየት ይጀምራል፤ ስለዚህ ከመተላለፉ በፊት ከፋብሪካ የመጣው ዊንዶውስ ሊመለስበት ይገባል። በተወሰነ ቁጥር ብቻ በሚከፍት ቁልፍ (ኤምኤኬ) የተከፈተ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን ማጽዳት የተቆጠረውን ቁጥር አይመልስም። ቁጥሩ ሲያልቅ አቅራቢውን ማነጋገር የግድ ይሆናል።

በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልበት ማይክሮሶፍት 365 የሚመደበው ለሠራተኛው ነው። አንድ ሠራተኛ ኦፊስን እስከ 5 ኮምፒውተር ላይ ሊጭን ይችላል። ላፕቶፑን ከዝርዝር ማውጣት ከአምስቱ አንዱን ቦታ ይለቅ ይሆናል እንጂ የክፍያውን ቁጥር አይቀንስም። ክፍያ የሚቀንሰው ወይም ለሌላ ሠራተኛ የሚተርፈው ከሥራ የለቀቀው ሰው አካውንት ላይ ፈቃዱ ሲነሣ ነው። ፈቃዱ ከተነሣ በኋላ የኢሜይል ሳጥኑ በመደበኛነት ለ30 ቀን ብቻ ስለሚቆይ አስፈላጊ ደብዳቤዎች አስቀድመው መገልበጥ አለባቸው። ያልተመደበ ፈቃድ በውሉ ዘመን መክፈሉ ስለማይቀር ውሉ ሲታደስ ቁጥሩን መቀነስ የሰው ኃይል፣ የፋይናንስና የቴክኖሎጂ ክፍሎችን የጋራ ሥራ ይጠይቃል።

የጸረ ቫይረስ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠረው በመሣሪያ ነው። የሚለቀቀውም መሣሪያው ከጸረ ቫይረሱ ማዕከል ሲነሣ ነው። ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ በአዲስ ስም ቢመዘገብና አሮጌው ስም ቢቀር፣ አንድ መሣሪያ ሁለት ፈቃድ ይዞ ሊቆጠር ይችላል። ፈቃድ አልቋል ተብሎ ተጨማሪ ግዥ ከመጠየቁ በፊት በማዕከሉ ዝርዝር ላይ ያሉትን ስሞች ከንብረት መዝገቡ ጋር ማመሳከር የመጀመሪያው እርምጃ መሆን ይኖርበታል።

ኢንቲዩን ለረጅም ጊዜ ያልታዩ መሣሪያዎችን ከዝርዝር በራሱ የሚያነሣበት ደንብ አለው፤ ጊዜውም ከ30 እስከ 270 ቀን ባለው ውስጥ ይመረጣል። ደንቡ ዝርዝሩን ያጠራል እንጂ መሣሪያውን አያጸዳም። ሩቅ ወረዳ ያለና በሥራ ላይ የሚገኝ ላፕቶፕም ኔትወርክ በማጣቱ ብቻ ከዝርዝር ሊወጣ ስለሚችል፣ አጭር የጊዜ ገደብ ለክልሉ ሁኔታ አይስማማም።

የዜጎች መረጃና የሕግ ግዴታ

ፋይልን ወደ ቅርጫት መጣል ወይም ዲስክን በፍጥነት ፎርማት ማድረግ መረጃን አያጠፋም፤ መረጃው የሚገኝበትን ማውጫ ብቻ ያነሣል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች ከገበያ የገዟቸውን 158 ያገለገሉ ዲስኮች መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። ከሚሠሩት 129 ዲስኮች መካከል በአግባቡ ጸድተው የተገኙት 12 ብቻ ነበሩ። በቀሪዎቹ ላይ የሕክምና ደብዳቤና ከ5 ሺህ በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ተገኝቷል። ሞርጋን ስታንሊ የተባለው የአሜሪካ የፋይናንስ ድርጅትም ያገለገሉ መሣሪያዎቹን መረጃ የማጥፋት ልምድ ለሌለው የዕቃ ማጓጓዣ ኩባንያ በመስጠቱ፣ ዲስኮቹ ሳይጸዱ በኢንተርኔት ጨረታ ተሽጠው ተገኝተዋል። በዚህና በተያያዥ ጉድለቶች እ.ኤ.አ. በ2020 የ60 ሚሊዮን፣ በ2022 ደግሞ የ35 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ተጥሎበታል።

በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ የሚይዝ ተቋም የመረጃውን ደኅንነት እንዲጠብቅና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይዘው ግዴታ ይጥላል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከአገልግሎት በወጣ ላፕቶፕ ላይ የቀረ የተገልጋይ ዝርዝር ከሁለቱም ግዴታዎች ጋር ይጋጫል።

የማጽዳቱ ዘዴ በዲስኩ ዓይነት ይወሰናል። በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ መላውን ዲስክ በሌላ መረጃ አንድ ጊዜ መሸፈን በአብዛኛው በቂ ነው። ኤስኤስዲ ግን መረጃን በራሱ አሠራር ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚያዛውር በመሸፈን ብቻ አይተማመኑበትም፤ አምራቹ ያዘጋጀውን የማጥፊያ ትእዛዝ መጠቀም ወይም ዲስኩ አስቀድሞ የተመሰጠረ ከሆነ ቁልፉን ማጥፋት ይመረጣል። የማይነሣ ወይም የተበላሸ ዲስክ ተነቅሎ በአካል ይሰባበራል። ኮምፒውተሩ አልሠራም ማለት ዲስኩ አይነበብም ማለት አይደለም።

የንብረት መዝገብን መዝጋት

ላፕቶፑ ሲገዛ በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ፣ ለሠራተኛው ሲሰጥ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ ነበር። ሲሰናበትም ከሠራተኛው ስም ላይ መውረዱ፣ ወደ መጋዘን መመለሱና በመጨረሻ ከንብረት መዝገብ መውጣቱ በሰነድ ይደገፋል። በፌዴራል ተቋማት የንብረት ማስወገድ ሥራ የሚመራው ቀደም ሲል በአዋጅ ቁጥር 649/2001፣ አሁን ደግሞ እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ሲሆን፣ የክልል መሥሪያ ቤቶች በክልሉ የግዥና ንብረት አስተዳደር ሕግ ይገዛሉ። የቴክኖሎጂ ባለሙያው በራሱ ውሳኔ ላፕቶፕ ለሌላ አካል ማስተላለፍ አይችልም፤ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴም የማጽዳት ማረጋገጫ ያልተያያዘበትን ላፕቶፕ ለጨረታ ማቅረብ አይኖርበትም። ሁለቱ ሰነዶች በአንድ የመለያ ቁጥር ተያይዘው በአንድ ፋይል ሊቀመጡ ይገባል።

ላፕቶፑ አሁንም የሚሠራ ከሆነ ለሌላ የመንግሥት ተቋም ወይም ለትምህርት ቤት ሊተላለፍ ይችላል። ዊንዶውስ 11ን መሸከም ያልቻለ መሣሪያ ያለ ክፍያ በሚገኝ የሊኑክስ ሥርዓት ለጽሑፍ ሥራና ለኮምፒውተር ትምህርት ለተጨማሪ ዓመታት ማገልገሉ የተለመደ ነው። የማይጠገነው ደግሞ ሚሞሪው፣ ቻርጀሩና ስክሪኑ ለመለዋወጫ ይለያል።

የቀረው አካል የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ መመንጨቱንና ከዚህ ውስጥ በመደበኛ መንገድ መሰብሰቡና መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ መሆኑን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ያወጡት ሪፖርት ያሳያል። በአገራችን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝንና አወጋገድን ይደነግጋል። ላፕቶፕን ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣልም ሆነ ማቃጠል እርሳስና ሌሎች መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ወደ አፈር፣ ወደ ውኃና ወደ አየር ይለቃል። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ሲበዛበት ወይም ሲወጋ ሊቀጣጠል ስለሚችል ያበጠ ባትሪ ተለይቶ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ርቆ፣ ከወረቀት መዝገብ ጋር ሳይቀላቀል መቀመጥ አለበት። በክልሉ ቆላማ አካባቢዎች በቆርቆሮ በተሠሩ መጋዘኖች ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ማዕከላዊ ሥርዓት የሌላቸው ጽሕፈት ቤቶች

ሁሉም ጽሕፈት ቤት ኢንቲዩን ወይም መሰል ሥርዓት ሊኖረው አይችልም። ሆኖም አሠራሩ በአንድ መዝገብ ሊጀመር ይችላል። ለእያንዳንዱ ላፕቶፕ የመለያ ቁጥሩ፣ ተረካቢው፣ የተጫነው የሶፍትዌር ፈቃድ፣ የጸዳበት ቀንና የተላለፈበት አካል በአንድ መስመር የሚሰፍርበት ሠንጠረዥ በቂ መነሻ ነው። ጽሕፈት ቤቱ የዶሜይን ሰርቨር ካለው የኮምፒውተሩ አካውንት በመጀመሪያ ይታገዳል፤ ለተወሰነ ጊዜ ታይቶ ጥያቄ ካልተነሣበት ይሰረዛል። ሠንጠረዡ በየሩብ ዓመቱ ከንብረት መዝገብ ጋር ሲመሳከር የትኛው መሣሪያ የት እንዳለ ይታወቃል።

የጠፋ ወይም የተሰረቀ መሣሪያ

የጠፋ ላፕቶፕ አያያዝ ከመደበኛው ስንብት ይለያል። ባለሙያው መጀመሪያ የሠራተኛውን የይለፍ ቃል ይቀይራል፤ አካውንቱ ተከፍቶ የቀረባቸውን መሣሪያዎች ሁሉ ያስወጣል፤ ቀጥሎ የማጽጃ ትእዛዝ ይልካል። ትእዛዙ መፈጸሙ እስኪረጋገጥ ድረስ የመሣሪያው ስም ከማዕከሉ መሰረዝ የለበትም፤ ላፕቶፑ አንድ ቀን ከኢንተርኔት ጋር ቢገናኝ የሚጠብቀው ያ ትእዛዝ ነውና። የኦቶፓይለት ምዝገባም እንዲሁ ይቆያል። ጉዳዩ ለፖሊስና ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ ይገለጻል፤ በውስጡ የዜጎች የግል መረጃ ከነበረም በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ሊወሰድ የሚገባው እርምጃ ይታያል። ከአደጋው በፊት ዲስኩን መመስጠር ደግሞ ትእዛዝ የማይደርስበትን መሣሪያ እንኳ የሚጠብቅ መከላከያ ነው።

ማጠቃለያ

የላፕቶፕ ስንብት የተጠናቀቀ የሚሆነው ለአራት ጥያቄዎች በሰነድ የተደገፈ መልስ ሲገኝ ነው፦ በዲስኩ ላይ የነበረው መረጃ ድኖ፣ ከዚያም ጸድቷል? የመሣሪያው ስም ከአስተዳደር ሥርዓቱ ከሁሉም ዝርዝሮች ወጥቷል? ሊመለሱ የሚችሉት ፈቃዶች ተለይተው ተመልሰዋል? የንብረት መዝገቡ ተዘግቷል? አራቱም መልሶች በአንድ የመለያ ቁጥር ሥር ሲገናኙ መሥሪያ ቤቱ በማይጠቀምበት ሶፍትዌር ላይ የሚያወጣውን ገንዘብ ያድናል፤ ላፕቶፑን የተረከበው ትምህርት ቤት በዕለቱ ሥራ ይጀምራል፤ በወረዳው ጤና ጣቢያ የታከመ ሰው ታሪክም ከማያውቀው እጅ አይገባም።